ከባዶው ቤት የጮኸ አውራ ዶሮ

እኔን የሚያውቅ ሰው ይህን ታሪክ ከሌላ ሰው አፍ ቢሰማው «ጌታቸው እዚያ ቢኖር ኖሮ ስቆ ይበትነው ነበር» ማለቱ አይቀርም፣ እውነቱንም ነው፣ እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ውስጥ ሰይጣን ያለቅስበታል የተባለ ቤት ነበረ፣ ትልልቅ ሰዎች በዚያ ሲያልፉ ያማትባሉ፣ እኔ ግን አንድ ቀን ጣራው ላይ ወጣሁና ሚስማሩ የላላ ቆርቆሮ አገኘሁ፣ በድንጋይ መታ መታ አድርጌ አጠበቅሁት፣ ሰይጣኑም ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም አለ። እንጀራዬም የሆነው ይኸው ነው። ኤሌክትሪክ ተማርኩ፣ በሱዳን በኩል ዞሬ አሜሪካ ገባሁ፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ቴክሳስ፣ ዩለስ የምትባል ከተማ ውስጥ፣ ከትልቁ ኤርፖርት አጠገብ፣ የአንድ አፓርትመንት ሜንቴናንስ ሰው ሆኜ ስሠራ ነበር።

ሥራውን ላስረዳህ። ወገቤ ላይ ፔጀር፣ እጄ ላይ የሁሉም ቤት ቁልፍ፣ ኤሲ ሲሞት፣ ቧንቧ ሲያፈስ፣ ሽንት ቤት ሲደፈን የሚጠራው እኔ ነኝ፣ በዚያ ፈንታ የምንኖርበትን ቤት ሬንት በግማሽ ይቀንሱልኛል፣ ማለቴ ቤቱና ሥራው አንድ ላይ ነው የታሰረው፣ ሥራው ከሄደ ቤቱም ይሄዳል። የዚያን ሕንፃ ድምፅ እንደ ልጄ ድምፅ ነበር የማውቀው። ውሃ ማሞቂያ ሲያረጅ ምን እንደሚል፣ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ሲቀዘቅዝ ግድግዳ ውስጥ እንዴት እንደሚንቋቋ፣ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ የትኛው መስኮት እንደሚንቀጠቀጥ፣ ዓይኔን ሸፍነህ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።

እኛ ላይኛው ፎቅ ነበርን፣ እኔ፣ ባለቤቴ ሰብለና አምስት ዓመት የሆናት ልጃችን ሜሮን። ከታች ደግሞ የቶንጋ ሰዎች፣ ቶንጋ በትልቁ ውቅያኖስ መሃል ያለች የደሴቶች አገር ናት፣ ኤርፖርቱ ሥራ እየሰጠ ስላመጣቸው ዩለስ ውስጥ ብዙ ናቸው። ሲዮኔ የሚባል እንደ በር የሰፋ ሰው፣ ኤርፖርት ሻንጣ የሚጭን፣ ሚስቱ፣ ሁለት ወንዶች ልጆቹ፣ እናቱ ደግሞ እማማ ሜሌ።

እማማ ሜሌ እንግሊዝኛ አያውቁም፣ ሰብለ ያኔ ገና ነበረች፣ ግን ከሥራ ስትመለስ ሁለቱ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አንዷ በአማርኛ አንዷ በቶንጋኛ ሲያወሩ ያመሻሉ፣ የሚገርምህ የሚስቁት እኩል ነው። ሰብለ የአዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ ነበር የምትሠራው፣ እኔም ፔጀሬ በጮኸ ቁጥር እሮጣለሁ፣ ሶ ሜሮንን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው ብል አላጋንንም። «ኩይ» ነበር የምትላቸው፣ በቋንቋቸው አያት ማለት ነው። ምግባቸው በኮኮናት ወተት የተሠራ ጎመን መሳይ ቅጠል ነው፣ መሃሉ ሥጋ አለበት፣ ሰብለ ጾመኛ መሆኗን ካወቁ በኋላ ረቡዕና ዓርብ ሥጋ የሌለበት ለብቻ ተጠቅልሎ ወደ ላይ ይወጣልናል። ማንም አልነገራቸውም፣ ራሳቸው አይተው ነው የደረሱበት።

ከዚያ የሲዮኔ ታላቅ ወንድም አገር ቤት ሞተ፣ የአባታቸውን መሬት የሚይዝ ጠፋ፣ ቤተሰቡ ጠቅልሎ ሊሄድ ሆነ። የሄዱ ቀን እማማ ሜሌ ሜሮንን ጉያቸው አስገብተው ጉንጯን አሸተቷት፣ ስመው ሳይሆን አሽትተው ነው የሚሰናበቱት፣ መኪናው ሲንቀሳቀስ ልጄ አላለቀሰችም። ልጅ ቢያለቅስልህ ይሻላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም አለች፣ ምግብ አፏ ውስጥ ትይዘዋለች እንጂ አትውጠውም፣ ጉንጮቿ ሄዱ። ሐኪሙ «ያልፋል» አለን፣ ሰብለ ግን አዳሯ ልቅሶ ሆነ፣ «በገዛ እጃችን ነው፣ ልጃችንን ለሰው ሰጥተን» ትለኛለች።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

ታችኛው ቤት ምንጣፉ እስኪቀየር ተብሎ ባዶውን ተቀምጧል፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። አንድ ከሰዓት ወደ ቤት ስገባ ሜሮን ሳሎን ወለሉ ላይ ተኝታ ጆሮዋን ምንጣፉ ላይ ለጥፋለች፣ አጠገቧ ያለው ሳህን ባዶ ነው። ሰብለ «ዝም በል» ብላ በጣቷ ምልክት ሰጠችኝ። አዳመጥኩ። ሽ… ሽ… ሽ… የሚል ነገር ከታች ይመጣል።

«መጥረጊያ ነው» አለችኝ ሰብለ በሹክሹክታ።

«ምንጣፍ በመጥረጊያ ማን ይጠርጋል?» አልኳት።

«ዳዲ» አለች ሜሮን፣ ከስንት ጊዜ በኋላ የሰማሁት ድምጿ ነው፣ «ኩይ ቤቱን እየጠረገ ነው።»

እንደዚህ ነው የምታወራው፣ ሴቱንም እንደ ወንድ ነው የምትጠራው። እኔ ደስ አለኝና፣ በላች አይደል፣ የቀረውን አላሰብኩበትም፣ ወርጄ ከፍቼ አየሁ፣ ምንም የለም፣ የኤሲው ማራገቢያ አንድ ነገር ነክቶት ይሆናል ብዬ ፈታሁት፣ ንጹሕ ነው። ግን እመነኝ፣ ያ ድምፅ የማራገቢያ አልነበረም፣ ምንጣፍ ላይ የሚጠረግም አልነበረም፣ ደረቅ አፈር ላይ የሚጠረግ ግቢ ድምፅ ነበር፣ እኔ ያደግሁት በአፈር ግቢ ነው፣ አልሳሳትም።

ከዚያ በኋላ ድምፁ እየለመደ መጣ። ማንኪያ ድስት ላይ ሲንኳኳ፣ በር ሲጢጥ ሲል፣ ልጆች ሲሯሯጡ፣ አንድ ጊዜ የሲዮኔ ሳቅ፣ የእሱን ሳቅ ደግሞ ከማንም ጋር አትቀላቅለውም፣ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ነው የሚመስለው። አንድም የሚያስፈራ ነገር አልነበረውም፣ ቤተሰብ ሲኖር የሚሰማ ድምፅ ነው፣ ቤተሰቡ የለም እንጂ። ሰብለ ከቤተ ክርስቲያን ጠበል አምጥታ ወርዳ ረጨችው፣ ድምፁ ትንሽ እንኳ አልደነገጠም፣ እንዲያውም በማግስቱ ድስቱ ቀድሞ ነው የተንኳኳው። ሜሮን ግን ትበላለች፣ ትስቃለች፣ ጉንጮቿ ተመለሱ። ስለዚህ ሁለታችንም አፋችንን ዘጋን። ልጅህ ስትበላ ካየህ ብዙ ነገር አትጠይቅም።

ነገሩን ያበላሸው አውራ ዶሮው ነው።

እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣ ከዚያ ባዶ ቤት ውስጥ አውራ ዶሮ መጮህ ጀመረ። በየቀኑ፣ እኩለ ቀን። ጎረቤቶች ኦፊስ ሄደው ከሰሱ፣ ማናጀራችን ዴቢ ፔጅ አደረገችኝ፣ ስደርስ በሩ ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«ጌች፣ ሰው አስገብተህ እያከራየህ ነው?»

«ማንም የለም፣ ግቢና እይው» አልኳት፣ ከፈትኩላት።

ገባች፣ ኩሽናውን፣ መታጠቢያውን፣ ቁም ሳጥኑን ሳይቀር ከፍታ አየች፣ ባዶ ሳሎን መሃል ቆማ ወደ እኔ ዞራ ልትናገር አፏን ስትከፍት፣ ዶሮው እግሯ ሥር የሆነ ያህል ጮኸ። ዴቢ ቴክሳስ ገጠር ያደገች ሴት ናት፣ ዶሮ አያስደነግጣትም፣ ግን ፊቷ እንደ ኖራ ነጣ። ሮጣ ወጣች፣ መኪናዋ ጋ ስትደርስ ዞር አለችና «ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም፣ ሰኞ ቤቱን የሚያዩ ሰዎች አሉኝ፣ እስከዚያ አስተካክለው፣ ካልሆነ አንተም ሌላ ቤት ፈልግ» አለችኝ።

ኦኬ፣ እንግዲህ ሥራዬ ነው አልኩ። በዚያው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የመሣሪያ ሳጥኔን ይዤ ወረድኩ። የመብራቱን ብሬከር አጠፋሁ፣ ውሃውን ዘጋሁ፣ የኤሲውን የአየር መተላለፊያ ክዳን በሙሉ ፈታሁ፣ እጄን እስከ ትከሻዬ ከትቼ ፈተሽኩ፣ ሬዲዮ፣ ቴፕ፣ ሽቦ፣ አንዳች የለም። ይኼኔ ነው መዝሙሩ የጀመረው። የብዙ ሰው መዝሙር፣ ራቅ ብሎ፣ ወንዶቹ በወፍራሙ ሴቶቹ በቀጭኑ፣ የቶንጋ ሰዎች ሲዘምሩ ሰምተህ ከሆነ ታውቀዋለህ፣ ደረት ውስጥ ነው የሚገባው፣ ከእሱ ቀረብ ብሎ ደግሞ የአንዲት አሮጊት ድምፅ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ አብሮ ይዘምራል። ወደ ግድግዳው ሄድኩ፣ አልጨመረም። ወደ በሩ ሄድኩ፣ አልቀነሰም። ድምፅ መነሻ አለው፣ ስትጠጋው ይጎላል፣ ስትርቀው ይደክማል፣ ሕጉ ይኼ ነው፣ ያ ድምፅ ግን የትም ብትቆም እኩል ነበር።

በሩን ክፍት ትቼው ስለነበር ሜሮን ወርዳ ገባች። እኔን አላየችኝም፣ ማለቴ አልፋኝ ሄደች፣ እማማ ሜሌ ሰሌናቸውን ዘርግተው ይቀመጡበት ወደነበረው ጥግ ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታ ቁጭ አለች።

አሁን የምነግርህን እንደፈለግህ አድርገው። ሰው ጭን ላይ የተቀመጠ ልጅ እንዴት እንደሚሆን ታውቃለህ፣ እግሩ ወለሉን አይነካም፣ ጀርባውን ለቀቅ አድርጎ ይደገፋል፣ ራሱን ደረት ላይ ይጥላል። ልጄ እንደዚያ ነበረች። ከኋላዋ ምንም የለም፣ ግድግዳው ሁለት ክንድ ያህል ይርቃል፣ እግሮቿ ከምንጣፉ ከፍ ብለው ይወዛወዛሉ፣ ራሷ ባዶ አየር ላይ ዘንበል ብሎ ተደግፏል፣ አልወደቀችም። ከመዝሙሩ ጋር አብራ ታንጎራጉራለች።

«ሜሮን!» ብዬ ጮህኩ፣ ሮጬ አነሳኋት።

«ዳዲ ለምን?» ብላ ተቆጣችኝ፣ «ኩይ ገና አልጨረሰም!»

ፀጉሯ ኮኮናት ቅባት ይሸት ነበር።

ሰብለ ስትሰማ ሜሮንን ከእጄ ነጠቀችኝ። «ሞተዋል» አለች፣ «እማማ ሜሌ ሞተዋል ጌታቸው፣ ነፍሳቸው ናት፣ ልጄን ልትወስድብኝ ነው።» እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ሌላ ነገር አልመጣልኝም። ሲዮኔ ሲሄድ የሰጠን ስልክ ቁጥር ነበረ፣ የስልክ ካርድ ገዝቼ መጣሁ፣ ገና ፀሐይ አልገባችም፣ ኮል አደረግሁ።

«ጌች!» አለ ሲዮኔ፣ ያ የበርሜል ሳቁ መጣ፣ «ገና አሁን ከቤተ ክርስቲያን መግባታችን ነው።»

«ዛሬ ቅዳሜ አይደል እንዴ?»

«እዚያ ነው ቅዳሜ፣ እዚህ እሑድ ቀትር ነው፣ እኛ እንቀድማችኋለን።»

ሰዓቱን በጣቴ ቆጠርኩ። የእነሱ እሑድ ጠዋት የእኛ ቅዳሜ ከሰዓት ነው ማለት ነው። የእነሱ ንጋት ደግሞ፣ ዶሮ የሚጮህበት፣ የእኛ እኩለ ቀን።

«እናትህስ?» አልኩት።

«ደህና ናት፣ እግሯን አሟት ዛሬ ቤት ቀርታ ነበር፣ ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊታችን ስለሆነ በመስኮት እየሰማች ስትዘምር ነው ያገኘናት።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስለደወልክ ጥሩ ሆነ። እናቴ እያስቸገረችን ነው። ላይ ቤት ናችሁ ትለናለች።»

«ምን ማለት ነው ላይ ቤት?»

«እንዴ፣ ከበላያችን። ሜሮን ስትሮጥ፣ ሰብለ ድስት ስትጥል፣ የአንተ ቦት ጫማ ደረጃ ላይ፣ ሁሉንም እሰማለሁ ትላለች። ጌች፣ ቤታችን ፎቅ የለውም፣ ከበላያችን ቆርቆሮ ብቻ ነው። ዛሬ ደግሞ ስንገባ ጭኗን እያሳየችን ልጅቷ እዚህ ተቀምጣ ነበር፣ አባቷ ነጥቆኝ ሄደ ትላለች።»

ሰብለ ጆሮዋን ስልኩ ላይ ለጥፋ ነበር፣ ክንዴን ስትይዘኝ ጥፍሯ ገባ። ግን ታውቃለህ፣ ሁለታችንም ቀለል አለን። በሕይወት አሉ። የሞተ የለም። ናፍቆት ነው አልን፣ እሳቸው እሷን፣ እሷ እሳቸውን፣ ከዚህ ወዲያ ምን ይባላል፣ ሰብለ እንዲያውም እየሳቀች ማልቀስ ጀመረች። ሲዮኔም ሳቀ። ከዚያ ከኋላው የእናቱ ድምፅ ተሰማ፣ አንድ ነገር እየደጋገሙ ይጠይቃሉ።

«ምን አሉ?»

«ምንም አይደለም፣ አንድ ጥያቄ አላት» አለ። «ሁላችሁም ጠዋት ከወጣችሁ በኋላ ቤት ውስጥ የሚራመደው ሰውዬ ማን ነው? ትላለች።»

«ማንም የለም» አልኩት።

ሲዮኔ ነገራቸው። አሮጊቷ መለሱ፣ አጭር መልስ።

«ሁልጊዜ አለ ትላለች። እናንተ ስትገቡ ነው የሚቆመው። እዚህ ያኔ ሌሊት ስለሆነ እንቅልፍ ነሳኝ፣ ንገረው ትላለች።»

ሰብለ ያን ምሽት ዕቃ ማሸግ ጀመረች። እኔ ግን ነግሬሃለሁ፣ ጣራ ላይ ወጥቼ ቆርቆሮውን ካላየሁ የማልተኛ ሰው ነኝ። ሰኞ ጠዋት ሜሮንን ትምህርት ቤት አድርሳ ሰብለ ወደ ሥራዋ ስትሄድ ፔጀሬን አጥፍቼ ቀረሁ። ቴሌቪዥን አልከፈትኩም፣ ኤሲውን አጠፋሁ፣ ኩሽናው ውስጥ፣ ስልኩ ግድግዳው ላይ የተሰቀለበት ጋ፣ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። የሰማሁት የፍሪጁን ሞተር ነው። አንድ አውሮፕላን አለፈ። ከታች ምንም የለም፣ እነሱ ተኝተዋል፣ ከላይም ምንም። ቁጭ ብዬ በራሴ መሳቅ ጀመርኩ፣ ትልቅ ሰውዬ በሥራ ሰዓት ኩሽና ውስጥ ተቀምጦ ጂን ሲጠብቅ። ልነሳ ስል ስልኩ ጮኸ።

«ጌች?» ሲዮኔ ነው፣ ከእንቅልፉ የተነሳ ሰው ድምፅ። «ይቅርታ፣ እናቴ ቀስቅሳኝ ነው። ዛሬ ቤት ነህ እንዴ?»

«አዎ።»

«ብቻህን?»

«ብቻዬን ነኝ። ምን ሆናችሁ?»

«ዛሬ ሁለት ናቸው ትላለች። አንዱ ተቀምጧል። ሌላው በዙሪያው እየተራመደ ነው።»

ኩሽናውን አየሁት። ምድጃው፣ ፍሪጁ፣ ጠረጴዛው፣ የሜሮን ያልታጠበ ኩባያ። ጠዋት ነው፣ ፀሐይ በመስኮቱ ሞልታ ገብታለች፣ ከታች ፓርኪንጉ ላይ አንድ ሰው መኪናውን ለማስነሳት ይታገላል። «አሁን የት ነው?» ስል ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ሲዮኔ ጠየቃቸው። የእማማ ሜሌን መልስ በስልኩ ሰማሁት፣ ራቅ ብሎ፣ በወለሉ በኩልም ከእግሬ ሥር ሰማሁት፣ በቅርቡ፣ ሁለቱንም ጆሮዬ ለየብቻ ሰምቷቸዋል፣ በልጄ እምልልሃለሁ።

«ቆመ ትላለች» አለ ሲዮኔ። «ከተቀመጠው ሰውዬ ኋላ።»

ዞር ብዬ አላየሁም። ስልኩን አልዘጋሁትም፣ በገመዱ እንደተንጠለጠለ ለቅቄው፣ ፊት ለፊቴን ብቻ እያየሁ በሩን ከፍቼ ወጣሁ፣ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሜሮን ከትምህርት ቤት እስክትወጣ ተቀመጥኩ። ዕቃችንን ያወጡልን ጓደኞቼ ናቸው፣ እኔ ከታች ሆኜ ተቀበልኳቸው። ቁልፎቹን ለዴቢ ሳስረክብ «ዶሮው ጠፋ፣ አይደል?» አለችኝ፣ ፊቴን አየችና ቁልፎቹን ቶሎ ተቀበለችኝ።

አሁን ሌላ ከተማ፣ ካሮልተን ነው የምንኖረው፣ ሜሮን ደህና ናት፣ ትበላለች፣ ትጨቃጨቃለች። ስለ ሰይጣንና ስለ ጂን ሲወራ ዛሬም የምስቀው እኔ ነኝ፣ ያልተገኘ ቆርቆሮ እንጂ የሌለ ቆርቆሮ የለም ብዬ አምናለሁ። እማማ ሜሌም በሕይወት አሉ፣ ሲዮኔ በበዓል በበዓሉ ይደውላል፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ መሬቱ ያጫውተኛል፣ ደስ ብሎኝ እሰማዋለሁ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጌች፣ እናቴ አንድ ነገር ልትጠይቅህ ትፈልጋለች» ሲለኝ ግን «ሄሎ? ሄሎ? መስመሩ አይሰማኝም» ብዬ እዘጋለሁ።

መስመሩ በደንብ ነው የሚሰማው።